በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ ያለው በረዶ የሚለካበትና የሚተነበይበት ዘዴ

በቀድሞ ዘመን ያንድ አገር አዝመራ በደረሰ ጊዜ ገማቾች ከማሳው ዳር ቆመው፣ ከዚህ ጋሻ መሬት ይህን ያህሉ በሰብል ተሸፍኗል፣ ይህን ያህሉም ባዶ ቀርቷል እያሉ ያስታውቁ ነበር። በዚህ ሥራ የዋለ ሰው ሁለት ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አንደኛው፣ ማሳው ሳይለወጥ ገማቹ በተለወጠ ጊዜ ቍጥሩ የሚለወጥ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም፣ በሰኔ የተነገረ ግምትና በኅዳር የተነገረ ግምት ስማቸው አንድ ሲሆን ክብደታቸው አንድ አለመሆኑ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ከአገራችን እጅግ ስለ ራቀ ነገር፣ ይኸውም በሰሜን ዋልታ ዙሪያ በባሕር ላይ ስለሚረጋው በረዶ ነው። ነገር ግን በዚያ ሥራ ላይ ያሉት ሊቃውንት ከነዚሁ ከሁለቱ ችግሮች ጋራ ከአርባ ዓመት በላይ ሲታገሉ ኖረዋልና፣ ከበታች ሹም ግምትና ሪፖርት ተቀብሎ የሚወስን ሰው ሁሉ የሠሩትን ቢያውቅ ይጠቀማል ብለን አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረትና የወር ስም ሁሉ፣ የእኛ ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አርክቲክ የሚባለው ውቅያኖስ በኤውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ጫፍ የተከበበ ሲሆን ስፋቱ ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የባሕር ውሃ ጨው ያለበት ስለ ሆነ እንደ ወንዝ ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ነው የሚረጋው። በረዶው በብርዳቸው ወራት እየተስፋፋ ሄዶ በማርች ወር ከፍተኛ ልኩን ይይዛል፤ በሙቀታቸው ወራት ደግሞ እየቀለጠና እየተሰበረ ሄዶ በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ማለት በኛ መስከረም መጀመሪያ ሰሞን፣ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል።

ከሩቅ ሆኖ የሚያስበው ሰው ይህ በረዶ እንደ ድንጋይ ንጣፍ አንድ ወጥ ሆኖ የተዘረጋ ይመስለዋል። እንዲህ ግን አይደለም። ነፋስና ሞገድ ይሰብረዋል፣ ይገፋዋል፣ አንዱንም በሌላው ላይ ይከምረዋል፤ በየመካከሉም ጥቁር ውሃ ይገለጣል። ስለዚህ በዚህ ቦታ በረዶ አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ለመርከበኛ አይበቃውም። ጥያቄው፣ ከዚህ ባሕር ስንቱ እጅ በረዶ ነው የሚል መሆን አለበት። ይህን ልክ የበረዶ ድርሻ እንለዋለን። መርከበኞች ከዐሥር ስንት እጅ ብለው ይቈጥሩታል፤ ከ1 እስከ 3 እጅ የሆነውን እጅግ የተበታተነ፣ ከ4 እስከ 6 የሆነውን የተበታተነ፣ 7 ወይም 8 የሆነውን የተጠጋጋ ይሉታል። ሊቃውንት ደግሞ ከመቶ ይቈጥሩታል።

በዚህ ነገር ላይ የሚደረግ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያለፈው ታሪክ ያስረዳል። በ1871 የበጋው መጨረሻ ላይ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሆኑ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከቦች በአላስካ ሰሜናዊ ምዕራብ ዳርቻ፣ በበረዶውና በየብሱ መካከል ባለችው ጠባብ የውሃ መንገድ ገብተው ያድኑ ነበር። የአገሩ ተወላጆች ኢኑፒያት፣ በዚህ ዓመት በረዶው ወደ ባሕር አይመለስም ብለው እንዳስጠነቀቋቸው ተጽፏል። ካፒቴኖቹ ግን በቀደሙት ዓመታት ልማድ ታምነው፣ ከየብስ የሚነሣው ነፋስ በረዶውን ይገፋልናል ብለው ቆዩ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ነፈሰ፤ በረዶውም ወደ ዳር መጥቶ መርከቦቹን ያዘ፤ አንዳንዶቹንም ሰባበረ። በሴፕቴምበር ወር 33 መርከቦች ተጥለው ቀሩ። በውስጣቸው የነበሩት 1,219 ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ተሳፍረው፣ በደቡብ በኩል ከበረዶው ነጻ ወደ ነበሩት ሌሎች መርከቦች ደርሰው ሁሉም ዳኑ፤ ንብረቱ ግን ጠፋ። እንደዚሁም በ1934 በፌብሩዋሪ 13 ቀን ቼሊዩስኪን የተባለችው የሶቪየት ኅብረት መርከብ በቹክቺ ባሕር በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች፤ ከእርስዋ ወጥተው በበረዶው ላይ የሰፈሩት 104 ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናትም የነበሩባቸው፣ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ በአውሮፕላን እየተጫኑ ወጡ።

ሳተላይት ከመምጣቱ በፊት የነበረው መለኪያ እንግዲህ የሰው ዓይን ነበር። የዴንማርክ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ ከየመርከቡ የሚላክለትን ወሬ እየሰበሰበ የበረዶ ካርታ ያሳትም ነበር። በሶቪየት ኅብረትም ከ1930ዎቹ ጀምሮ አውሮፕላን እየተላከ በረዶው ይጐበኝ ነበር። የነዚህ ሰዎች ድካም ሊመሰገን ይገባዋል፤ ስለዚያ ዘመን የሚጠና ሁሉ ዛሬም የእነርሱን መዝገብ ይገልጣል። ይሁን እንጂ መርከብ የሚያየው የበረዶውን ዳር ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ የተመለሰ ጥቂት ነበርና፣ ከዳሩ ወዲያ ያለው ብዙውን ጊዜ ሁለንተናው በረዶ እንደ ሆነ ተቈጥሮ በካርታው ላይ ይቀባ ነበር። ይህ ከመንገድ ዳር ያለውን ማሳ አይቶ የወረዳውን ሁሉ አዝመራ እንደ መናገር ያለ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የሕዋ ምርምር መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 1972 ኒምቡስ 5 የተባለውን፣ በኦክቶበር 1978 ደግሞ ኒምቡስ 7 የተባለውን ሳተላይት ወደ ሰማይ ላከ። ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የሚቈጠረው መዝገብ የሚጀምረው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

የመሣሪያው አሠራር ረቂቅ ቢመስልም መሠረቱ ቀላል ነው። በምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ በረዶም ቢሆን፣ ለዓይን የማይታይ ደካማ ጨረር ከራሱ ያወጣል፤ ከዚህም ጨረር አንዱ ክፍል ማይክሮዌቭ ይባላል። የባሕር ውሃ ከዚህ ጨረር የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ የባሕር በረዶ ግን ይልቅ ብዙ ያወጣል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ይህን ጨረር ለሚለካ መሣሪያ፣ ከውሃው ይልቅ የሚቀዘቅዘው በረዶ ደምቆ ይታየዋል፤ ውሃውም ደብዝዞ ይታየዋል። ለምሳሌ ያህል፣ ባዶ ውሃ በመሣሪያው ላይ 100 የሚያነብ፣ ሙሉ በረዶም 200 የሚያነብ ቢሆን፣ 150 የሚነበብበት ቦታ ግማሹ በረዶ ነው ማለት ነው። የእውነተኛው ሒሳብ በልዩ ልዩ የጨረር ዓይነት እየተመሳከረ የሚሠራ ስለ ሆነ ከዚህ ይረዝማል፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። ትልቁ ጥቅሙም ይህ ጨረር የፀሐይ ብርሃን የማይፈልግ፣ ደመናም አብዛኛውን የማይከለክለው መሆኑ ነው። በዋልታው ሌሊቱ ወራት ስለሚቈይ፣ ደመናውም ብዙ ስለ ሆነ፣ በፎቶግራፍ ብቻ ቢታመኑ ኖሮ የዓመቱ ግማሽ ሳይታይ ያልፍ ነበር።

ድርሻው ከታወቀ በኋላ ባሕሩ በሙሉ ያለው በረዶ እንዴት ይደመራል? ለዚሁ ሥራ ባሕሩ በካርታ ላይ ርዝመቱ 25፣ ወርዱም 25 ኪሎ ሜትር በሆነ መደብ ይከፈላል፤ ያንዱ መደብ ስፋት 625 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ በጋዜጣ የሚወጣው ቍጥር ብዙውን ጊዜ የበረዶው ወሰን እንጂ የተጣራው የበረዶ ስፋት አይደለምና። በወሰን ሒሳብ ከመቶ 15 እጅና ከዚያ በላይ በረዶ ያለበት መደብ ሁሉ እንደ ሙሉ ይቈጠራል፤ ከዚያ በታች ያለው እንደ ባዶ ይቈጠራል። ስለዚህ ከመቶ 20 እጁ በረዶ የሆነ መደብ በወሰን ሒሳብ 625፣ በተጣራ ስፋት ግን 125 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከመቶ 14 እጁ በረዶ የሆነው ደግሞ በወሰን ሒሳብ ከነጭራሹ አይገባም። ከአንድ ባላገር መሬት ከመቶ 15 እጁ ቢታረስ ጋሻው ሁሉ እንደ ታረሰ ተቈጥሮ ቢጻፍ ምን ያህል ግራ እንደሚያጋባ መገመት አያስቸግርም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ሁለት የማይገናኝ ቍጥር ይዘው ሲከራከሩ የተሰሙበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ወሰኑን፣ ሌላው የተጣራውን ስፋት ስለ ያዘ ነው እንጂ ሁለቱም አልዋሹም።

እንዲህ ያለውን ሻካራ ሒሳብ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በጁንና በጁላይ በበረዶው ጀርባ ላይ ያለው አመዳይ ቀልጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። መሣሪያውም የኩሬውን ውሃ ከባሕሩ ውሃ መለየት ስለማይችል፣ ሥሩ ጤነኛ በረዶ የሆነውን ስፍራ ባዶ ባሕር ነው ይላል። ስለዚህ በበጋ ድርሻው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይነበባል። ወሰኑ ግን፣ ከመቶ 90 የነበረው 70 ተብሎ ቢነበብም ሁለቱም ከ15 በላይ ናቸውና፣ በዚህ ስሕተት ብዙ አይነካም። ሌላም ጉድለት አለ። ገና የረጋ ቀጭን በረዶ ጨረሩ ደካማ ስለ ሆነ በከፊል ውሃ ይመስላል፤ በነፋስ የተናወጠ ባሕርና ከባድ ደመና ደግሞ በተቃራኒው ጥቂት በረዶ ያለበት ይመስላል፤ በየብስ ዳርቻም የመሬቱ ጨረር ከባሕሩ ጋራ ስለሚቀላቀል የሌለ በረዶ ይታያል። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ አውቀው ማረሚያ ይሠሩለታል። እንዲያም ሆኖ ከአንዱ ሳተላይት መዝገብ ሁለት የሒሳብ መንገዶች ሁለት ልዩ ልዩ ቍጥር ያወጣሉ፤ በየዓመቱ የሚታየውን መጨመርና መቀነስ በማሳየት ግን ይስማማሉ።

በጸሐፊው አስተያየት ከሁሉ የሚያስመሰግነው የሥራቸው ክፍል የቍጥሩን ቀጣይነት ለመጠበቅ ያደረጉት ነው። ሳተላይት ያረጃል፣ ይሞታል፤ ሌላ ይተካዋል። አዲሱ ገማች የቀድሞውን ልክ ካልያዘ፣ የሚታየው ለውጥ የበረዶው ይሁን የመሣሪያው አይታወቅም። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ አንድ ባሕር ባንድ ቀን እንዲለኩ ተደርጎ ይመሳከራሉ። በ1987 የኒምቡስ 7 መሣሪያ በሌላ ሲተካ ሁለቱ ጎን ለጎን የሠሩበት ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር፤ የአርባ ዓመቱ መዝገብ በዚያ በኩል የተሰፋው በዚህች አጭር ክር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት በተሻለ ሁኔታ ተመሳክረዋል።

ይህ መዝገብ ያሳየውን በጥቂት ቃል እንናገር። በ1979 ሴፕቴምበር የበረዶው ወሰን 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2007 በድንገት ወደ 4.2 ሚሊዮን ወረደ፤ በ2012 ደግሞ እስከ 3.4 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ከዚህ ያነሰ አልታየም። በጠቅላላው የሴፕቴምበር በረዶ ከ1981 እስከ 2010 ከነበረው መካከለኛ ልክ በየዐሥር ዓመቱ ከመቶ 12 እጅ ያህል ሲቀንስ ኖሯል። በማርች የሚሆነው ከፍተኛው ወሰንም ቢሆን ቀንሷል፤ በማርች 22 ቀን 2025 የተመዘገበው 14.33 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሳተላይት መለካት ከጀመረ ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከነበሩት ከፍተኛ ወሰኖች ሁሉ ያነሰው ነበር። በነገራችን ላይ ይህ በረዶ ቀድሞውኑ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ስለ ሆነ፣ ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ የሚለውጠው ከቍጥር የማይገባ ነው፤ ባሕር ከፍ እንዲል የሚያደርገው በየብስ ላይ ያለው እንደ ግሪንላንድ ያለ በረዶ ሲቀልጥና ውሃው ራሱ ሲሞቅ ነው።

አሁን ወደ ትንበያው እንመለስ። የጥቂት ቀን ትንበያ የነፋስ ትንበያ ማለት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ በሳምንት ውስጥ በረዶውን ወዲያና ወዲህ የሚወስደው ነፋስ ነውና። ከባዱ ከወራት በፊት የሚነገረው ነው። ከ2007ቱ ድንጋጤ በኋላ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት ከ2008 ጀምሮ በየበጋው እየተሰበሰቡ የሴፕቴምበሩን ወሰን አስቀድመው መገመትና ግምታቸውን በግልጽ ማሳተም ጀመሩ። አንዳንዱ በከባድ የኮምፒዩተር ስሌት፣ አንዳንዱ ካለፉት ዓመታት ቍጥር፣ አንዳንዱም በልምዱ ይገምታል። መስከረም ሲጠባ ሁሉም በአደባባይ ይመሳከራል፤ የተሳሳተው እንደ ተሳሳተ፣ የቀናውም እንደ ቀናው ይጻፋል። ግምቱን የሚሰጥ ባለሥልጣን ሁሉ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖረው እንዴት መልካም ነበር!

የተገኘው ውጤት አስተማሪ ነው። በረዶው እንደ ልማዱ በቀነሰባቸው ዓመታት ግምቱ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ከልማዱ በራቀባቸው ዓመታት ግን ሊቃውንቱ በአንድነት ሳቱ። በ2012 የብዙዎቹ ግምት መካከለኛ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሲሆን የሴፕቴምበሩ ወር መካከለኛ 3.6 ሚሊዮን ያህል ሆነ። በሚከተለው ዓመት በዚህ የተደናገጡት ግምታቸውን ወደ 4 ሚሊዮን አቅራቢያ ዝቅ አደረጉ፤ በረዶው ግን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ዋለ። እንግዲህ የትንበያ ዋጋ የሚፈተነው ተሳካ አልተሳካም በማለት ብቻ አይደለም። ምንም ሳይደክም፣ እንደ አምናው ይሆናል ወይም እንደ ልማዱ በጥቂት ይቀንሳል ብሎ ከሚናገር ሰው ግምት ይበልጣል ወይ ተብሎ ነው የሚፈተነው። በብዙ ድካምና ወጪ የተሠራ ስሌት ይህን ተራ ሰው ካላሸነፈ ዋጋው ከተራው ሰው አይበልጥም።

ከሜይ በፊት የሚነገረው የበጋ ትንበያ ደካማ መሆኑም ታውቋል፤ ሊቃውንቱም ይህን የጸደይ ግድግዳ ይሉታል። ምክንያቱ የበረዶው ቀለም ነው። አመዳይ የለበሰ በረዶ ከመቶ እስከ 90 እጅ የሚደርሰውን የፀሐይ ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ ጥቁር የባሕር ውሃ ግን ከ10 እጅ ያነሰውን ብቻ መልሶ ሌላውን ሙቀት አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ፀሐይ ከፍ ባለችበት በሜይና በጁን ኩሬው ቶሎ ከታየ፣ ጥቂቱ መቅለጥ ሌላ መቅለጥ ያመጣል፤ ከዘገየም በረዶው ራሱን ይጠብቃል። ይህ ጅምር ሳይታይ የሚነገር ግምት፣ ዝናቡ ሳይጀምር የሚነገር የአዝመራ ግምት ነው። በረዶው ምን ያህል ወፍራም እንደ ሆነ ማወቅ ግን ይረዳል፤ ወፍራሙ ቶሎ አይጠፋምና። ውፍረቱንም በ2010 የተላከው የኤውሮፓው ክራዮሳት 2 እና በ2018 የተላከው የአሜሪካው አይስሳት 2፣ በረዶው ከውሃው በላይ ብቅ ያለበትን ከፍታ በመለካት ይገምቱታል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከቀድሞው መዝገብ ራሱን የሚያስተምር የኮምፒዩተር ዘዴ ተጨምሯል። በ2021 የእንግሊዝ የአንታርክቲክ ምርምር ድርጅትና አላን ቱሪንግ ኢንስቲትዩት አይስኔት የተባለውን አወጡ። ይህ ዘዴ እስከ ስድስት ወር ድረስ ወደ ፊት እያየ፣ በረዶ ይኖራል ወይም አይኖርም ብሎ ከመቍረጥ ፈንታ፣ በየመደቡ በረዶ የመኖሩ ዕድል ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይናገራል። እኛ ይህን አነጋገር ከሁሉ የበለጠ ቅን ሆኖ አግኝተነዋል። የራሳችንም የክረምት ትንበያ በዚሁ አነጋገር ይነገራል፤ ከልማድ በላይ፣ እንደ ልማድ፣ ከልማድ በታች የመሆኑ ዕድል እየተባለ። ከልማድ በታች የመሆኑ ዕድል ከመቶ 45 ነው የተባለለት ወረዳ ድርቅ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም፤ ዘርና ውሃ ለማዘጋጀት ግን በቂ ምክንያት ነው። የሰሜኑ በረዶ ራሱ የኛን ዝናብ ያዛል ብሎ የሚከራከር ቢገኝ ግን አይታመን። የክረምታችንን ዝናብ ከወራት በፊት ለመገመት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት፣ ማለት ኤል ኒኞ የሚባለው ነው።

ስሕተቱ ዛሬም ያስከፍላል። በኖቬምበር 2021 በሩሲያ ሰሜን በኩል ባለው የባሕር መንገድ ውሃው ከተጠበቀው ቀን ቀድሞ ረጋና፣ ወደ ሃያ የሚሆኑ መርከቦች በበረዶ ተይዘው ቆሙ፤ በረዶ ሰባሪ መርከቦችም ተልከው አንድ በአንድ አወጧቸው። በቀደሙት ዓመታት በዚያው ወር መንገዱ ክፍት ሆኖ ነበርና በልማድ የታመነ ብዙ ነበር። በረዶው በጠቅላላው እየቀነሰ መሄዱ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሳምንት በረዶ እንዳይኖር ዋስትና አይሆንም።

ስለ ሩቁ ጊዜ የሚነገረው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በ2016 የታተመ ጥናት፣ ሰው ወደ አየር በሚለቀው በእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3 ካሬ ሜትር ያህል የሴፕቴምበር በረዶ እንደሚጠፋ አስልቷል። በ2021 የወጣው የመንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ መግለጫም፣ ከ2050 በፊት ቢያንስ በአንድ ሴፕቴምበር በረዶው ከ1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሳይወርድ እንደማይቀር ገልጿል። የትኛው ዓመት እንደሚሆን ግን መግለጫው ለይቶ አልተናገረም፤ ለይቶ የሚናገርም ቢገኝ ከላይ በጻፍነው ፈተና ይፈተን።

መዝገቡ ራሱ በ2025 ተፈትኖ ነበር። ብዙ ዘመን የሠሩት መሣሪያዎች የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሳተላይቶች ላይ የተተከሉ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ጁን ወር ሠራዊቱ ቍጥሩን ለሊቃውንት ማደል በጥቂት ቀን ውስጥ አቆማለሁ ብሎ አስታወቀ፤ በኋላም ቀነ ገደቡን አራዘመ። በኮሎራዶ የሚገኘው የአመዳይና የበረዶ መዝገብ ቤት ሥራውን በ2012 ወደ ተላከው ወደ ጃፓኑ መሣሪያ አዛወረ። ይህም መሣሪያ ሲሠራ የታሰበለት ዕድሜ አምስት ዓመት ብቻ ነበርና አርጅቷል። በዚያው በ2025 ጁን መጨረሻ ጃፓን ተተኪውን ላከች፤ አሮጌው በሕይወት እስካለ ድረስ ሁለቱን ጎን ለጎን ማመሳከር ይቻላል።